ጳጉሜን የማያውቀው ማሽን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1991 ዓ.ም.
መካኒሳ

ለክሊኒኩ የሠራሁት ዌብ ገጽ ጠዋት ከዳታቤዙ ጋር አልገናኝ አለ። የካርድ ክፍል ሠራተኞች የዳታቤዙን ፋይል ከፍተው ትተውት ኖሯል፤ ሲዘጉት ሠራ። ደስታዬ ግን እስከ ምሳ አልዘለቀም።

ሲስተር አልማዝ፣ «የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ያቋረጡትን አውጣልኝ፤ ሰው ልኬ ላስጠራቸው» አለችኝ። ማሽኑን ጠየቅሁት። ጳጉሜ ላይ ከጀመሩት አንድም ሰው አላወጣም። ቀኖቹን ከፍቼ አየሁ። ለእሱ ዓመት ማለት አሥራ ሁለት ወር ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲጻፍለት ስህተት ነው አላለም፤ ዝም ብሎ ቀኑን ወር፣ ወሩን ቀን አድርጎታል። የዛሬ ወር ከግማሽ ገደማ፣ ጳጉሜ 3 (3/13 ተብሎ) የጀመሩት በሽተኞች፣ አምና ኅዳር 13 እንደጀመሩ ሆኑ። ሕክምናው ስምንት ወር ስለሆነ ሁሉም «ጨርሰዋል» ተብለዋል።

አመሻሽ ላይ ስገባ ጎረቤቴ ጋሽ ወርቁ ደጃቸው ተቀምጠው ይስላሉ። ጳጉሜ ላይ ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔው ነኝ።

«መድኃኒቱስ፣ ጋሼ?»

«ሻል ሲለኝ ተውኩት። ሲጠሩኝ እሄዳለሁ ብዬ ነው። ኮምፒውተሩ ሰው አይረሳም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ይሄኔ ከቤት ውስጥ የሌላ ሰው ሳል ተሰማኝ። ትንሿ ልጃቸው መሰለችኝ።