ወርቅ አይጮኽም

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 1978

ቀለበቷን ባሕር በላው። የቃል ኪዳን ቀለበቷን! ሰብለና ጓደኛዋ ጽጌ ጳጉሜን ሳንጠመቅ አታልፍም አሉና፣ እዚህ ኔዘርላንድ፣ ዴን ኻግ ከተማ፣ ወንዝ ቢያጡ ጊዜ በትራም ስኼቨኒንገን ወርደው ባሕር ገቡ። በስመ አብ እያሉ ሦስት ጊዜ ብቅ ጥልቅ። በዚያ በረዶ ውሃ ጣት እንዴት አይኮማተር! ወጥታ ፎጣዋን ስታራግፍ አንድ ነገር ሲወረወር ተሰማት። ጣቷን ብታይ ባዶ።

እየተንቀጠቀጠች ቤት ገብታ መጀመሪያ ያለችኝ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ደምሴን ጥራልኝ።»

ደምሴን! እኔ ባሏ እያለሁ፣ የራሴ ብረት ጠቋሚ ማሽን አልጋ ሥር ተጋድሞ እያለ! «እኔስ?» ብላት «አንተማ የምታገኘው ሚስማር ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ግን እውነት ሁሉ ይነገራል እንዴ?

ደምሴ የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አብሮኝ ይሠራል። አሸዋ ላይ ዕቃ ፍለጋ ያስተማረኝም እሱ ነው። ዘንድሮ ብቻ የእጅ ሰዓት አግኝቷል፣ የብር ሐብል አግኝቷል። ሐብሉን ለማን ሰጠ? ለሰብለ። «ሰብልዬ፣ ላንቺ ይሁን» ብሎ። ሰብልዬ! እኔ እንኳ እንዲያ የምላት ለዓመት በዓል ነው።

ብቻዬን ሄድኩ። ፎጣውን ያራገፈችው ከእንጨቱ ምሰሶ አጠገብ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ነው። ጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ እስኪመሽ ቦታውን ጠረግኩት። የተገኘ፦ ሚስማር፣ የዛገ ማንኪያ፣ አንዲት ሳንቲም። የቀረው ሁሉ ሰው ከቢራ ጣሳ ላይ ገንጥሎ የሚጥለው መክፈቻ። እሱ ደግሞ እንደ ሆድ ቁርጠት ዝቅ ብሎ ያጉረመርማል። መረረኝ። ማሽኑ ላይ ቆሻሻውን ዝም የሚያሰኝ ማዞሪያ አለ፤ ከፍ አደረግኩት። እፎይ፣ መክፈቻዎቹ ጸጥ አሉ። ወርቅ እንደሆነ ጮኾ ነው የሚመጣው።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ጠርታዋለች። ከመንገዱ ጥግ ካለው የስልክ ሳጥን ደውላ። አበባ ይዞ መጣ። ለጠፋ ቀለበት አበባ ይመጣል? የኔዘርላንድ ሰው ሆኖልኛል!

ቁጭ ብሎ ሽሮዬን ከበላ በኋላ እጇን ያዘ። እጇን! «የትኛው ጣት ነው? ቀጭን ነበር?»

«እንደ ክር» አለችው። እኔ ግድግዳ ነኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ እኔ ራሴ በሩን ከፍቼ ያስገባሁት ቆራጭ!

ሦስታችንም ስኼቨኒንገን ወረድን። ደምሴ ማሽኑ ያጉረመረመበትን ሁሉ ይቆፍራል። ከጣሳ መክፈቻ በቀር ምንም የለም፤ እሱ ግን መክፈቻውን እየለቀመ ኪሱ ይከታል። «ምነው፣ ጣሳ ልትገጥም ነው?» አልኩት። ሰብለ አልሳቀችም።

«ወንድሜ፣ ቀጭን ወርቅ አይጮኽም» አለኝ። «ልክ እንደዚህ መክፈቻ ነው የሚያጉረመርመው። ማዞሪያህን ዝቅ አድርገው፣ አለበለዚያ ታልፈዋለህ።»

አሃ! እኔ ቆሻሻ ስጭር እሱ ቀለበቱን አንስቶ ሊጀነንብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ማዞሪያውን ጭራሽ ጨመርኩት። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ትንኝ እንኳ አልተሰማም።

ሻዩን ከፔርሙዝ ስትቀዳ መጀመሪያ የሰጠችው ለእሱ ነው። «እንግዳ ስለሆነ ነው» ትላለች። የምን እንግዳ!

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

ዘነበ። ሰብለ ደስ ብሏት በረንዳ ላይ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ቆመች። ጎረቤታችን ኔዘርላንዳዊቷ ሴትዮ በመስኮት አይታ ራሷን ነቀነቀች። ሰብለ በሳህን ያጠራቀመችውን ዝናብ እኔም ላይ ረጨችና «ቅናትህንም ይጠበው» አለች። ምን ቅናት? እኔ ምን አልኩ?

ከሥራ ስወጣ ደምሴ ቀድሞኝ ወጥቷል። ባሕሩ ዳር ስደርስ በዝናብ ውስጥ ያንን ምሰሶ ይዞራል። የእኔን ቦታ! የጠረግኩትን! ከተዘጋው የአይስክሬም ኪዮስክ ጀርባ ቆሜ አየሁት። ተንበረከከ። በጣቱ አሸዋውን ጫር ጫር አደረገ። አንድ ነገር አነሳ፣ እፍ አለበት፣ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። መክፈቻዎቹን ግን የሚከተው ሱሪ ኪሱ ነው።

ጮኼ ልጠራው አልኩና ተውኩት። ዝናቡ አንገቴ ውስጥ እየገባ ቤቴ ተመለስኩ። ማታ ሰብለ «ጽጌን እንኳን ለሩፋኤል አደረሰሽ ልበላት» ብላ ስልክ ልትደውል ወረደች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሸሚዝ ኪስ አያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜን 4

ደምሴ ሥራ አልገባም። ፈቃድ ወስዷል አሉ። እኔ ሥራ ላይ ስሆን እሱ ፈቃድ!

አየሁት፣ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። በሬን ያንኳኳል፣ «ሰብልዬ፣ እጅሽን ስጪኝ» ይላል፣ ቀለበቱን ራሱ ያጠልቅላታል። እኔ ያጠለቅኩላትን ቀለበት! የማጥፈውን አንሶላ ጣልኩት። ሆዴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ደግሞ አሞኛል፤ አልዋሸሁም።

በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ሬዲዮ ብቻ። ስገባ ሰብለ ብቻዋን ሽንኩርት ትልጣለች፤ ጣቷ ባዶ ነው።

«ደምሴ መጥቶ ነበር?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንተ የምትፈልገው ቀለበቱን ነው ደምሴን?»

ተጨቃጨቅን። ምን እንዳልኩ መጻፍ አልፈልግም። አለቀሰች፤ በሽንኩርቱ ነው አለች።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5

ደምሴ ሥራ መውጫ በር ላይ ጠበቀኝ። «ማሽንህን አምጣና ና» አለኝ። ልደበድበው እየፈለግኩ ተከተልኩት።

ምሰሶው አጠገብ ስንደርስ ከሸሚዝ ኪሱ ቀለበቱን አወጣ። የሰብለን። ምንም ሳይል አሸዋው ላይ ጥሎ በመዳፉ አለበሰው። «በል እለፍበት።»

አለፍኩበት። ዝም። መለስኩት። ዝም። ሰማይና ምድሩ ዝም። እጁን ሰደደና ማዞሪያዬን ዝቅ አደረገው። «አሁንስ?»

ኽርርር። ልክ የጣሳ መክፈቻ። ያ የጠላሁት፣ ያ ዝም ያሰኘሁት ድምፅ። ቅዳሜ አልፌበታለሁ፣ እሑድም አልፌበታለሁ። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሰኞ ለምን አልሰጠኸኝም?»

«ከኪዮስኩ ጀርባ ቆመህ ስታየኝ አይቼሃለሁ» አለ። «ትመጣለህ ብዬ ጠበቅኩህ። ሌባ አስመሰልከኝ እኮ።»

ቀለበቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ነገ ዓመት በዓል ነው፤ አንተ ስጣት። ከፈለግክ አገኘሁት በላት።»

ብዙ ባይሰጠኝ እመርጥ ነበር። ቀለበቱን ሰጠኝ፣ ውሸቱንም ጨምሮ ሰጠኝ። ከዚህ በላይ እንዴት ይቀናል?

ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 1979

ጠዋት፣ ገና ጸጉሯን ሳትሠራ፣ ጣቷ ላይ አጠለቅኩላት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ቀና ብላ «ማን አገኘው?» አለችኝ።

«እኔ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ማርያምን፣ ደርሶ ነበር። «ደምሴ» አልኩ። እንደ ኮሶ መረረኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ሰኞ ማታ ነግሮኛል። ባልሽ ራሱ ያምጣልሽ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ትዋሸኛለህ ብዬ ግን ፈርቼ ነበር።» ጉንጬን ስማ አንገቴ ሥር ተወሸቀች።

እፎይ አልኩ። እንኳን አልዋሸሁ! ማክሰኞ ያልኳትን ሁሉ እያወቀች ነው የሰማችው ለካ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ደምሴንም ምሳ እንጠራዋለን አልኩ። ራሴው ነኝ ያልኩት።

ፊቴን ስታጠብ ነው ትዝ ያለኝ። ሰኞ ማታ እኔ ቤት ነበርኩ። እሱ አልመጣም። እሷ ስልክ ልትደውል ወርዳ ነበር። ለጽጌ ነው ያለችኝ።

ፎጣዬን ይዤ ወጣሁ፣ አፌንም ከፈትኩ። ቀለበቷን በአውራ ጣቷ እያዞረች «እንኳን አደረሰህ» አለችኝ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን፣ ሰብልዬ» አልኩ።

ነገሩ ሆዴ ውስጥ ዝቅ ብሎ ያጉረመርማል። የጣሳ መክፈቻ ይሁን ሌላ፣ አልቆፈርኩትም።