የሰባተኛው ፎቅ ተከራይ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ለውዱ ባለቤቴ፣ ከባሕር ማዶ፣

እንደምን አለህልኝ? እኔን ሳሉ ትቶኛል፤ የቀረው ሁሉ ግን አልተወኝም።

ወሬውን ከጭራው ልጀምርልህ። ባንኩ ቤታችንን ባለፈው ሳምንት በሐራጅ ሸጠው። የገዛው የጥርስ ሐኪም ነው። ግድግዳውን እያንኳኳ "ይሄ ይነቀላል፣ ይሄ ይሞላል" ሲል አፌን ግጥም አድርጌ ቆምኩ።

እህቴ "ሁሉንም ያመጣው እሱ ነው" ትላለች። እኔም እኮ ፈርሜያለሁ። ባሕር ማዶ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚከራይ ቤት ለመግዛት የራሳችንን ቤት መያዣ አድርገን በውጭ ገንዘብ ብንበደር ወለዱ እንደሚቀንስ የባንኩ ሰዎች ሲነግሩን፣ የእኛ ደሞዝ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈል ሁለታችንም አላነሳንም። አንተ የጂኦግራፊ መምህር፣ እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ፤ የሰው ስህተት ለቅመን የምናድር ሰዎች! የአገራችን ገንዘብ ሲወድቅ ዕዳው እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ደሞዛችን ግን ወሬውን አልሰማም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ተከራያችን ነው። ሻጮቹ "ኪራዩ ዋስትና አለው" ብለው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሲልኩልን ጊዜ፣ ስሙን እንኳ ሳንጠይቅ ወደድነው። "ሥራው ምን ይሆን?" ስልህ፣ "ሰዓሊ ይመስለኛል፤ ባሕሩን የሚያይ ቤት የመረጠው ለዚያ ነው" አልከኝ። ብርድ ሲመጣ "ማሞቂያው ይሠራለት ይሆን?" እያልን እንጨነቅለት ነበር። እህቴ ብቻ ናት፣ "ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነው አላላችሁም? ታዲያ ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያድረው?" ያለችው። "ቅናት ነው" አልካት። እኔም ሳቅሁባት። ኪራይ እያሉ የሚልኩልን ከራሳችን ቅድሚያ ክፍያ እየቆነጠሩ መሆኑ የገባን፣ መላኩም ግንባታውም አንድ ቀን ሲቆሙ ነው።

"ሁለት ሳምንት፣ አይቼው ልምጣ" ብለህ ሄድክ። ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ባለፈው በስልክ፣ "ዘበኛው ፈቅዶልኝ እዚያው ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው የማድረው፤ ትቼው ብመጣ ሌላ ሰው ይይዘዋል" ስትለኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜህ አይደለም። መስኮቱ መስታወት እንደሌለው ነግረኸኝ ነበርና፣ ተከራያችን በመጨረሻ መገኘቱን እያሰብኩ ነው። ይኸው እንደገና ጀመረኝ፦ "ብርዱን እንዴት ይችለው ይሆን?"

የኔ ጌታ፣ ያንን ቤት ማንም አይሰርቀውም። ሰርቆ የት ያስገባዋል?

እኔ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። መስኮቴ የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው፤ ከባሕር ይልቅ ጸጥ ያለ ነው። አንተ የሠራኸውን የመጻሕፍት መደርደሪያ ይዤው መጥቻለሁ። ያ "ጠማማ ነው" እያልኩ ስንት ዓመት የነዘነዝኩህ፣ እዚህ ስሰቅለው ቀጥ አለ። ለካ ጠማማው ግድግዳችን ኖሯል።

የመጣህ ቀን ስለ ቤት የሚያነሳብህ የለም። እህቴን አስምያታለሁ፤ ብትነክሰውም ምላሷን ትይዛለች። ትምህርት ቤቱም ቦታህን ለሌላ ሰጥቶታል፤ እሱንም አብረን እናዝንበታለን፤ ለብቻ ማዘን አይመቸኝም።

የሄደን የሚመልስ አምላክ እግርህን ወደዚህ ያዙርልኝ። ነፋሱም ይራራልህ።

ያው አራሚህ

ይድረስ ብዬ ልዘጋው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አከራይዋ ቁልፉን ስትሰጠኝ "ስንት ናችሁ?" አለችኝ። "ሁለት" አልኳት። "ታዲያ ሌላኛው የት አለ?" ስትለኝ፣ "መንገድ ላይ ነው" አልኳት። ውሃ እዚህ በሰው ቁጥር ስለሚከፈል፣ የሁለት ሰው ነው የምከፍለው። ስህተት አይቼ አላልፍም፣ ታውቀኛለህ። ይህቺን ግን ሳላርማት ትቻታለሁ።