በካሳኛድ ምድር ቤት ያለው አንድ አፍንጫ

ሻቶ ካሳኛድ፣ ሜዶክ፣ ፈረንሳይ
ኤፕሪል 7 ቀን 2019

የኔ ማይሊስ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እዚያ ቺሊ መከር ላይ ሆናችሁ፣ እጅሽ በወይን ጭማቂ ጠቁሮ፣ እንቅልፍ አጥተሽ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። በስልክ ልነግርሽ ስንቴ ጀምሬ አባትሽ ከኋላዬ ብቅ እያለ አፌን ያዘጋኛል። እኔም ስለ ዝናቡ አውርቼ እሰናበትሻለሁ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

እኛ ደህና ነን፤ ማማረር ነውር ነው። የወይን ሐረጎቹ ማቆጥቆጥ ጀምረዋል፣ ውርጩም እስካሁን ምሮናል። ከጉልበቴ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ እሱም ደረጃ ሲያይ ነው የሚለግመው። ጎረቤታችን ዥኔት እንደምታውቂያት ናት። ዶሮዎቿ አጥር ጥሰው እየገቡ ከሐረጎቹ ሥር ይጭራሉ፤ አባትሽ ሲራገም እሷ በመስኮት ብቅ ብላ "ማዳበሪያውን በነጻ እየሰጠሁህ ደግሞ ትሳደባለህ?" ትለዋለች። ሁለቱ ሳይጨቃጨቁ የዋሉ ቀን አንዳቸው ታመዋል ማለት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባትሽ ጎብኚዎች ይቀበላል። የቤቱን ታሪክ ሲተርክ ብትሰሚው በሳቅ ትሞቻለሽ፤ በየዓመቱ አንድ ነገር ይጨምርበታል። ባለፈው ሳምንት ቤልጅጎች መጥተው ነበር፤ እነሱ ፊት ቅድመ አያቱን ኦኖሪንን ጠመንጃ አስታጠቃት! እኔና አንቺ የምናውቃት ኦኖሪን የያዘችው የመግረዣ ቢላዋ ብቻ ነው። ሥር የሚበላው ተባይ የአገሩን ወይን ሁሉ ሲያደርቅ፣ ባሏም በሐዘን ሲሞት፣ ዋርሶቿ፣ የባሏ ወንድሞች፣ "መሬቱ ለበግ ይሁን" ብለው ፈርደው ነበር። እሷ ግን የአሜሪካን ሥር አስመጥታ የኛን ሐረግ ቅርንጫፍ በላዩ ሰካች። ዲቃላ ወይን ብለው ስቀውባታል። ይኸው እስከ ዛሬ የምንበላው ከዚያ ዲቃላ ነው።

የቅልቅሉን ቀን፣ የየመሬቱ ወይን ተቀላቅሎ አንድ የሚሆንበትን፣ ሕግም ያወጣችው እሷ ናት። ሁሉም ይቀምሳል፣ ሁሉም ይናገራል፣ የሚወስነው ግን አንድ አፍንጫ ነው፤ ወስኖ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ከደፋ በኋላ ማንም ትንፍሽ አይልም። ዋርሶቿን ዝም ለማሰኘት ያወጣችው ሕግ መቶ ዓመት አልፎት አንቺን ከቤት ያስወጣል ብላ መቼ አሰበች?

አንቺ የሄድሽበትን ያምናውን የቅልቅል ቀን አልረሳውም። አንቺ "ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው የአሮጌው መሬት ወይን በደንብ ካልገባበት ይህ ቅልቅል አጥንት የለውም" ስትይ፣ እሱ ጠረጴዛውን በቡጢ መትቶ "በዚህ ምድር ቤት ያለው አንድ አፍንጫ ነው!" አለ። አንቺም "እንግዲያው ከአፍንጫህ ጋር ኑር" ብለሽ ሻንጣሽን አነሳሽ። ሁለታችሁም ከአንድ ድንጋይ ነው የተጠረባችሁት፤ መሐል ላይ የምፈጨው ግን እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ማክሰኞ ጠዋት ያንኑ ወይን፣ አንቺ ሳትጨርሺው የሄድሽውን፣ በእንቁላል ነጭ የምናጠራበት ቀን ነበር። ሠራተኛችን ሩዊ በርሜሎቹን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ አስኳሉን ለኬክ ላስቀር ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ቆሜአለሁ። እንቁላል መስበሩን አባትሽ ለማንም እንደማይሰጥ ታውቂያለሽ። እንቁላሉን ያመጣችው ዥኔት ናት፤ ለካስ አንዱን ከአጥር ሥር ነው ያገኘችው፣ መቼ እንደተጣለ ዶሮዋም አታውቅ።

አባትሽ ሰበረው። ማይሊስ፣ ሽታው! ሩዊ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። እኔ ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ ጫንኩ። በዚያ ጭላንጭል መልኩ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ አባትሽም እያፏጨ ከሌሎቹ ጋር ይመታዋል።

"ሙስዩ አርማን..." አለው ሩዊ።

"ምን ትገተራለህ? የማማሰያውን ጭራሮ አቀብለኝ።"

"ሙስዩ አርማን፣ እንቁላሉ እኮ..."

"እንቁላሉ ምን ሆነ? ዥኔት የዛሬ ነው ብላ ምላለች!"

"ዥኔት በዕድሜዋም ትምላለች" አልኩት። "አርማን፣ አስቀምጠው።"

ሳህኑን ወደ በርሜሉ አፍ አዘንብሎ ነበር። እጁን ያዝኩት። መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ የሩዊን ፊት። ቀስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ሳህኑ አቀረበና በረጅሙ ሳበ። ደገመው። ፊቱ ምንም አልተለወጠም።

"ይሸታል?" አለኝ፣ እንደ ሕፃን።

"ይሸታል" አልኩት።

ሩዊ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሳህኑን ከእጁ ተቀብሎ "እኔም እኮ ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል፣ ሙስዩ አርማን፣ በግድ ነው የለየሁት" ብሎ ወጣ። ጉንፋን የሚባል ነገር አልነካውም። ያን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የበለጠ ወደድኩት።

አባትሽ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ዘረገፈው። አንቺ ከመሄድሽ በፊት በነበረው ክረምት ያን ከባድ ጉንፋን ታሞ አልነበር? ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸተውም። ቡናው፣ ጭሱ፣ ወይኑ፣ ሁሉም ውሃ ሆኖበታል። "አንቺም እንኳ አትሸቺኝም" አለኝና ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም ሞኟ! ባለፈው የገና በዓል ያሳረርኩትን ዳክዬ "እንዴት ይጣፍጣል" ብሎ ሲበላልኝ ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ለምን እንደጮኸብሽ ገባሽ? የተናገርሽው ልክ ይሁን ስሕተት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ፈርቶ ነው የጮኸው። እኔ አርባ ዓመት በትዳር የኖርኩትን ሰው ፍርሃት ከቁጣ መለየት አቅቶኝ አብሬው አኮረፍኩብሽ።

"ታዲያ ይህን ወይን ማን ቀላቀለው?" አልኩት። ባለፈው ዓመት የቀመሱት ነጋዴዎች ሁሉ እኮ ካሳኛድ እንዲህ ያለ ወይን አውጥቶ አያውቅም ብለው ነው የሄዱት። አንቺም በጋዜጣ ሳታነቢው አትቀሪም።

"ማይሊስ ናታ!" አለኝ፣ ምን ትጠይቂኛለሽ በሚል ድምፅ። አንቺ በሩን ዘግተሽ እንደወጣሽ ብቻውን ተቀምጦ፣ ያልሽውን አንድም ሳይቀንስ አድርጎ፣ ብርጭቆውን ደፍቷል።

"ለምን አልነገርካትም ታዲያ?"

"ምን ብዬ? አባትሽ አፍንጫው ሞቷል ብዬ?"

"አዎ! እንደዚያ ብለህ!"

"ዥኔት ብትሰማስ?"

አየሽልኝ? ልጁ ባሕር ማዶ ሄዳ እሱ የሚፈራው ዥኔትን ነው።

የጭንቄ ዋናው ግን ያ አይደለም። ያንን ወይን አትርፈነዋል፤ ሩዊ በትኩስ እንቁላል አጥርቶት አሁን ፀጥ ብሎ አተላውን እያዘቀጠ ነው። የቸገረን አንቺ የሌለሽበት የአምናው መከር ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ቅልቅላቸውን ክረምቱ ሳይወጣ ጨርሰዋል። የኛ ግን እያንዳንዱ መሬት በየበርሜሉ ለብቻው እንደተቀመጠ ነው። ነጋዴ ሲመጣ አባትሽ "ገና አልረጋም" እያለ ይመልሳል። ወይኑ ከረጋ ቆይቷል። ሰውም ማማት ጀምሯል።

"ከቦርዶ አዋቂ አስመጣ፣ ስንት አሉ" አልኩት። ሰድቤው ቢሆን ይሻለው ነበር። ትላንት ምሳ ላይ ደግሞ "እሺ፣ እንዳለፈው አድርግ፤ እሷ ብትኖር ምን ትል ነበር ብለህ ገምት" አልኩት። ሹካውን አስቀመጠ።

"ያንን ቀምሳ ነው የነገረችኝ" አለ። "ይህን ግን ልጄ አልቀመሰችውም። በምኔ ልገምት?"

"ልጄ" ብሎ ሲጠራሽ ከሄድሽ የመጀመሪያው ነው። ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ፣ እኔም ሳህኖቹን ይዤ ማጠቢያው ጋ ቆሜ አለቀስኩ፤ የሐዘን ለቅሶ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ስልኩ ላይ አጎንብሶ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነም ዛሬ ሰርቄ አየሁት፤ የናንተን አገር ዝናብና ፀሐይ ነው የሚከታተለው።

እንግዲህ ነይም ቅሪም አልልሽም። ዕድሜሽ የራስሽ ነው፣ እዚያም ወደውሻል። የሆነውን ብቻ እንድታውቂው ፈለግሁ። ያጨድሽው ይብዛልሽ፣ የነካሽው ይባረክልሽ፣ የምትውዪበት መሬት እንደ ወለደሽ አገር ይመችሽ።

የምትናፍቅሽ እናትሽ
ዠኔቪዬቭ

*

ማይሊስ፣

እናትሽ ደብዳቤውን አንብባልኛለች። ትንሽ አጋናለች፤ እንባ የሚባለው ነገር አልነበረም። የቀረው እውነት ነው።

ደርሶሽ ብድግ ብለሽ እንዳትመጪ። የሰው መከር ሜዳ ላይ ጥሎ አይኬድም፤ እንደዚያ አድርጌ አላሳደግሁሽም። ጨርሺላቸው። እኔ እጠብቃለሁ።

አባትሽ