የወረቀቱ ጀርባ

ውድ ጋሼ፣

ስልክ ብደውልልዎ ሦስት ጊዜ "ማን ልበል?" ብለው እንደሚዘጉት ስለማውቅ ነው የምጽፈው። ባለፈው እንደምንም ደፍሬ ስደውል ያነሳችው ልጅዎ "አባባ ጆሮው ደክሟል፣ ደብዳቤ ግን ጥርት አድርጎ ያነባል" አለችኝ። እንግዲያው ያንብቡ። ሰላምታውን መጨረሻ ላይ እጨምርልዎታለሁ፤ አሁን ተናድጃለሁ።

በማን እንደተናደድኩ ራሴም በቅጡ አልለየሁትም። ሰኞ ዕለት በማሽኑ ነበር። ከዚያ በኃላፊው ሆነ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ በእርስዎ ላይ ሆነና እስካሁን አልበረደልኝም።

መዝገብ ቤቱን ቢያዩት አያውቁትም። በጉልበትዎ ገፋ እያደረጉ ይከፍቱት የነበረው መሳቢያ የለም። ካዝናዎቹ ሁሉ ወጥተዋል። ያለው አንድ ስካነር፣ ሁለት ጠረጴዛና "ሊቁ" ብቻ ነው። ሊቁ ያልነው አዲሱን ሶፍትዌር ነው። ወረቀቱን ስካን ሲያደርጉለት ያነባል፣ ራሱ ስም ያወጣለታል፣ ራሱ በየቦታው ያስቀምጠዋል። ሊያሠለጥነን የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ "ከእንግዲህ ፋይል መሰየም ቀረ። ጉዳዩ የሚለውን መስመር አንብቦ በዚያ ይሰይመዋል" ሲለን አጨበጨብን። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ከአሁኑ ሲስቁ ይታየኛል። በመሥሪያ ቤታችን ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ማንም ከባዶ አይጀምርም። የድሮ ደብዳቤ ይከፈትና ሆዱ ይቀየራል፣ ቀኑ ይቀየራል፣ ከላይ ያለው "ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ" ግን እንዳለ ይቀራል። ፈቃድ ሲሰጥ ትብብር ስለመጠየቅ፣ ፈቃድ ሲከለከልም ትብብር ስለመጠየቅ። ጥበቃው በሥራው ሲመሰገን የተጻፈለት ምስጋና እንኳ ትብብር ስለመጠየቅ ነው። ሊቁም አላጠፋም፤ የታዘዘውን ሠራ። "ትብብር ስለመጠየቅ 1" ብሎ ጀምሮ "ትብብር ስለመጠየቅ 4116" ላይ ደርሶ ቆመ።

ለኃላፊው ነገርኩት።

"ተደራጅቷል አይደል እንዴ?" አለኝ።

"ተደራጅቷል።"

"ቁጥር አለው?"

"አለው።"

"ታዲያ አንቺ ምን ሆንሽ?"

ምን እንደሆንኩ የታወቀው ሰኞ ጠዋት አዋላጇ ስትመጣ ነው። ያስታውሷታል፤ ከገበያው ጀርባ ያለችው፣ ድምፅዋ ወፈር ያለው። ከቤቷ ወደ መንገድ የሚያወጣው መተላለፊያ ላይ ጎረቤቷ የአጥር ምሰሶ ተክሎበታል። መተላለፊያው የጋራ መሆኑን መሥሪያ ቤታችን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በደብዳቤ አረጋግጦላት ነበር፤ የእሷን ቅጂ ጣሪያው እያፈሰሰ አበስብሶታል። ሐሙስ ችሎት አላት። ደብዳቤውን ካላቀረበች መተላለፊያው በአጥር ይዘጋል።

"ምጥ የያዛትን ሴት በአጥር ላይ አዝዬ ላሻግራት?" አለችኝ።

"ዛሬውኑ አገኘዋለሁ" አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

"አዋላጅ" ብዬ ጻፍኩ፤ የለም። "መተላለፊያ" አልኩ፤ የለም። በዚያ በእርስዎ ዘመን ታይፕ፣ ሪባኑ ባለቀበት፣ የተመታውን ሁሉ ሊቁ ደመቅ ብሎ ከተመታው አርዕስቱ በቀር አያነበውም ለካ። ስለዚህ አንድ በአንድ እከፍት ጀመር። ሰኞ እስክንወጣ ስድስት መቶ ሃያ ከፈትኩ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ዐይኔ እንባ ያንጠባጥብ ነበር፤ ከስክሪኑ ይሁን ከንዴቱ አላውቅም። አዋላጇ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ንቅንቅ አላለችም። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች።

በእርስዎ የተናደድኩት ያኔ ነው። እርስዎ ቢሆኑ ጭንቅላትዎን አከክ አከክ አድርገው፣ ተነስተው፣ መሳቢያውን በጉልበትዎ ገፍተው "ይኸውልሽ" ነበር የሚሏት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁሉን በጭንቅላትዎ ይዘው፣ ለእኔ አንዲት መስመር ሳይጽፉ እንዴት ይሄዳሉ? አምስት ዓመት አጠገብዎ ተቀምጫለሁ። "ልጅቷ" እያሉ ከመጥራት ያለፈ ምን አስተማሩኝ? ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው እኮ፣ ጋሼ።

ይህን እያልኩ ስብከነከን ግን ያልነገርኩዎት ሌላ ነገር ነበር። ከዚህ በላይ ልሸሽገው አልችልም። የዛሬ ሦስት ዓመት ኃላፊው ስለ መዝገብ አያያዛችን ጥናት አሠርቶኝ ነበር። እዚያ ላይ "ሥራው በአንድ ግለሰብ ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ግለሰቡ ባይኖሩ መሥሪያ ቤቱ ይታወራል" ብዬ ጻፍኩ። ስምዎን አልጠራሁም፤ "ግለሰቡ" አልኩ፣ እንደዚያ ሲባል የሚቀል መስሎኝ። እኔ ሰው እንዲጨመርልዎ ነበር የፈለግሁት። ኃላፊው ግን አንብቦት ከጡረታ ዕድሜዎ በኋላ በየዓመቱ ይታደስልዎ የነበረውን የሥራ ጊዜ ማራዘሚያ ሳያድሰው ቀረ። በስንብትዎ ቀን ሠራተኛው ያዋጣበትን ብዕር የሰጠሁዎትም እኔው ነኝ። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና "እርሳስ ይሻለኝ ነበር" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ወረቀቶቹ በጆንያ ታስረው ምድር ቤት ነበሩ። ረቡዕ ጠዋት የወረቀት ፋብሪካው መኪና ሊወስዳቸው ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሌላ መላ ሲጠፋ ማክሰኞ ከሰዓት ወረድኩ፤ ሃያ ሁለት ጆንያ። ጽዳቷ እትዬ መጥረጊያዋን ይዛ ተከትላኝ መጣች። የመጀመሪያውን ፈትቼ አንድ በአንድ ሳነብ ቆማ አየችኝ።

"ፊት ፊቱን ምን ታደርጊዋለሽ?" አለች።

"ደብዳቤ እየፈለግሁ ነዋ።"

"እሳቸው እኮ ፊቱን አይተውት አያውቁም። ጀርባውን ነበር የሚያዩት።"

ገለበጥኩት። ጥግ ላይ በእርሳስ፣ በዚያች ጉንዳን በምታህል ጽሑፍዎ፣ "የሁለቱ ወንድማማቾች ቤት። ትልቁ እውነቱን ነው" ይላል። ሌላ ገለበጥኩ። "ጣሪያ። ይህ ሰው ተመልሶ ይመጣል።" ሌላ። "ውሸት ነው፣ ግን ይቀመጥ።" ጋሼ፣ ቁጭ አልኩ። እያንዳንዱ ጀርባው ላይ ስም አለው። እኛ ግን ስካን ያደረግነው ፊቱን ብቻ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብለን። "ጀርባው ባዶ ነው፣ ይለፍ" ብሎ የወሰነው ማን ይመስልዎታል? እኔው።

እኔና እትዬ እየገለበጥን ሰባተኛው ጆንያ ላይ ደረስን። ያገኘችው እሷ ናት። "የአዋላጇ መተላለፊያ። አጥር አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ እንዳይጠፋ።" ፊቱን ባየው፣ ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ። አዋላጇ ደብዳቤውን ተቀብላ ፊቱን አነበበችው፣ ገልብጣም ጀርባውን አነበበችው፣ ከዚያ ግንባሬን ሳመችኝ። ትናንት በሰፈሯ አልፌ ነበር። ምሰሶው ተነቅሏል፤ ጉድጓዶቹ አልተደፈኑም።

ረቡዕ ጠዋት መኪናው ሲመጣ በር ላይ ቆምኩ። ኃላፊው ወርዶ "ስካን የተደረገ ወረቀት ምን ያደርግልሻል?" አለ። ጀርባቸውን አሳየሁት። "ይህ የግል ማስታወሻ ነው፣ ይወገድ" አለ። "እንግዲያው ይወገድ ብለው ይፈርሙልኝ" አልኩት። መፈረም እንዴት እንደሚወድ ያውቃሉ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። አሁን ጀርባ ጀርባውን ስካን እያደረግሁ ነው። ሊቁ የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ስላቃተው ስሙን አንድ በአንድ በእጄ እጽፍለታለሁ። "ውሸት ነው፣ ግን ይቀመጥ" የሚል ፋይል አሁን ኃላፊው ኮምፒውተር ላይ አለ። የራሱ ደብዳቤ ነው። ገና አልከፈተውም።

ይሄ ሁሉ ንዴቴን ማብረድ ነበረበት። ያላበረደው ሰባተኛው ጆንያ ውስጥ ሌላም ወረቀት ስለነበረ ነው። ከአዋላጇ ደብዳቤ ሥር ጥናቴን አገኘሁት፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ "ግለሰቡ" የሚለው ቃል ሥር ተሰምሮበታል። ገለበጥኩት። "ልጅቷ የጻፈችው። እውነቷን ነው። ይቀመጥ" ይላል። ቀኑን አየሁት። ከስንብትዎ ሁለት ሳምንት ይቀድማል።

ስለዚህ ብዕሩን ስሰጥዎ ያውቁ ነበር። አውቀው ተቀበሉኝ፣ አውቀው ቀለዱ፣ በገዛ እጅዎ በቦታው አስቀምጠውት ሄዱ። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክ ለመደወል እያፈርኩ፣ ቁጥሩን ጀምሬ እየተውኩ። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት? ሰው ይቅርታውን በወረቀት ጀርባ ጽፎ ምድር ቤት ይተዋል? እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ እንዴት መናደድ እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም፤ ግን ተናድጃለሁ። ደግሞ ናፍቀውኛል።

በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ እመጣለሁ። መቶ አርባ ያህል ወረቀት ይዤ ነው የምመጣው፤ ጀርባቸው ላይ "ያው ነው" ብቻ ብለው የጻፉባቸውን። ምኑ ነው ያው? እየነገሩኝ እጽፋለሁ። ብዕሩን ይተዉት፣ እርሳስ ይዤልዎ እመጣለሁ።

እንግዲህ ሰላምታው፦ እንደምን አሉ? ጤናዎስ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? ልጅዎን ሰላም በሉልኝ። እትዬም ሰላም ብላለች።

ይህን ደብዳቤ ከማስቀመጥዎ በፊት ይገልብጡት።

ልጅቷ

(በጀርባው፣ በእርሳስ)

ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለመጠየቅ።