ያለ ሰዓቱ የተደወለ ደወል

ይድረስ ለወንድሜ ለሮላንድ፤ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ታዝማኒያ ይግባልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህ የባላባቶች አሮጌ ቤት መጠጥ ቤት ከሆነ ወዲህ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም፤ እሑድ ለጥብሱ መቀመጫ ይጠፋል። የማስተዳድረው እኔ ነኛ!

አባባም ከባንኮኒው አልተለየም። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ ማታ ስንዘጋ የምንደውለውን ደወል ደወለና «የመጨረሻ ትዕዛዝ! ቤት የላችሁም እንዴ?» አለ። ሽማግሌው ክሌም ቢራውን ጨልጦ «እሺ አለቃ፣ ደህና እደር» ብሎ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በጓሮ በር መልሼ ሳስገባቸው አባባ «እንደምን አደራችሁ!» ብሎ እንደ አዲስ ቀዳላቸው። ስንስቅ አመሸን።

ሥራዬንም ይወድልኛል። ትናንት ብርጭቆ ስወለውል ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «አንቺ ልጅ ጎበዝ ነሽ፤ ሄስተር ልጄ ስትመጣ በቋሚነት እንድትቀጥርሽ እነግርልሻለሁ» አለኝ። «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አልኩት።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሃል፤ ቀደም አድርገህ ለገና ብትመጣስ? የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ለገና የምናርዳት ዝይ ትልቅ ስለሆነች ነው። በል ደህና ሁንልኝ፤ አባባም ይስምሃል።

ቋሚ ሥራ የምትጠባበቀው እህትህ፣
ሄስተር