ከአርባ ወደ አራት መቶ የቀየሩት እሳቸው አይደሉም

እህታችን የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና አዋላጅ ነርስ ከነበሩት እናታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው መኪና ሲፈቱ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድሩ ነበር። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው አንዷን ውጦ ቤቱን ባመሰ ቀን፣ የጎደለችው የትኛዋ እንደሆነች ቆመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው በ1973 ዓ.ም. በሒሳብ በዲፕሎማ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት መረጃ አስገቢ ሆነው ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. ከፊዚክስ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። የኮምፒውተሩን ሥራ ማንም አላስተማራቸውም። መመሪያውን ጥራዝ በጥራዝ ቤት እያመጡ አንብበው በ1989 ዓ.ም. የኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ ሆኑ።

ኮምፒውተሩ የፍሪጅ ቁመት ያለው ጥቁር ማሽን ነበር። የድርጅቱ መጋዘን፣ ሽያጭና ደመወዝ ሁሉ በእሱ ይሠራ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ፋርማሲዎች በኢንተርኔት እንዲያዝዙ ተብሎ የድረ ገጹ ፕሮግራም እዚያው ላይ ተጫነ። ገጹ ለመከፈት አርባ ሁለት ሰከንድ ይፈጅ ነበር። አንዲት ፋርማሲስት ደውለው «እትዬ፣ ገጹ እስኪከፈት በሽተኛዬ ድኖ ሄደ!» ያሏቸውን እየሳቁ ያወሩት ነበር። ኃላፊያቸው ማሽኑ አርጅቷል ይጣል አለ። እሳቸው «ይቆዩ፣ መጀመሪያ እንለካው» አሉ።

አሥራ አንድ ሳምንት ለኩ። በቀን ከማሽኑ ማስተካከያ ቁጥሮች ከአንድ በላይ አይነኩም፤ ከመንካታቸው በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ በደብተር ይጽፋሉ። ባልደረቦቻቸው «እትዬ ሰከንድ» ማለት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። የመጋዘኑ ሪፖርት በተነሣ ቁጥር የድረ ገጹን ፕሮግራም ከሜሞሪ ገፍቶ እንደሚያስወጣው ደረሱበትና ለድረ ገጹ የራሱን ሜሞሪ ለዩለት። ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የጥያቄ ብዛትም ዝቅ አድርገው አርባ ላይ አቆሙት። ለምን አነሰ ሲባሉ «ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት መቶ ጸሐፊ ብታጭቁ ክርናቸው ይጋጫል እንጂ ሥራው አይፈጥንም» ይሉ ነበር። ገጹ በሦስት ሰከንድ መከፈት ጀመረ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ የራሴ ጥናት ነው ብሎ አቀረበው። እሳቸው ገጹ ከተከፈተ ይበቃኛል አሉ።

በ2000 ዓ.ም. ባለቤታቸው ለኩላሊት ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሲገቡ ዘጠኝ ቀን ፈቃድ ወሰዱ። በአራተኛው ቀን ኃላፊው ለቦርዱ ፍጥነት ላሳይ ብሎ አርባውን አራት መቶ አደረገው። ማሽኑ ታነቀ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ትዕዛዝ አልወጣም፤ ኢንሱሊን የሚጠብቁ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ኃላፊውም «ሴትዮዋ ነካክታው ነው የሄደችው» ብሎ ለቦርዱ ተናገረ። ከዚያ ሆስፒታል ድረስ ሰው ልኮ ደብተራቸውን አስመጣ፣ ከደብተሩ አይቶ ቁጥሩን ወደ አርባ መለሰ፣ ማሽኑን ያዳነ ተብሎም ተሸለመ። ደብተሩን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

ማሽኑ ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይመዘግባል። እሳቸው ምዝገባውን አትመው ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አቀረቡ። የኃላፊው ወዳጅ የነበረው ሰብሳቢ «ይሄ የማሽን ቋንቋ ነው፣ ማን ያነበዋል?» ብሎ መለሰላቸው። ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። አሥራ ሦስት ዓመት ፋይል ሲያቀብሉ ኖረው በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ከዚያም በኋላ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስማቸው ከክሱ እንዲነጻላቸው።

ስለዚህ ዛሬ በቀብራቸው ላይ እናነበዋለን። ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር። የቀየረው፦ በኃላፊው መግቢያ ስም የገባ። ቁጥሩ፦ ከአርባ ወደ አራት መቶ። በዚያ ሰዓት እህታችን ለባለቤታቸው በማንኪያ ውሃ እያጠጡ ነበር። ወረቀቱ እንዳለ በዚህ የሕይወት ታሪክ መጨረሻ ገጽ ታትሟል። ለድርጅቱ ሠራተኞች በሙሉ የሚበቃ ቅጂም በሩ አጠገብ ተቀምጧል።

ኃላፊው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። ትልቁ የአበባ ጉንጉን የእሱ ነው። ስለ እሳቸው ሁለት ቃል ልናገር ብሎ ጠይቆ ነበር፤ የሚናገረውን በ2000 ዓ.ም. ተናግሮ ስለጨረሰ ቤተሰቡ አልፈቀደም።

እህታችን በቆሽት ካንሰር ሰባት ወር ታመው ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ ወንድማቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን የሐሰት ክስ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለኃላፊውም ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት እሳቸውን ነው፤ እኛ በዚህ ጉዳይ ውክልና የለንም።