ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ኩባያ

ለምለም እኅቴ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጀምርም፤ መልስ የማይገኝለት ጥያቄ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። የምጽፍልሽ የቤቱን ወሬ ልነግርሽና አንድ ጥፋቴን ላምንልሽ ነው። አባታችን ያናግረን በነበረው ዐማርኛ ነው የምጽፈው፤ እናታችን አደይ ማንበብ ብትችል እንኳ እንዳይገባት።

አደይ ድናለች። አንቺን ከቀበርን በኋላ የቤቱ ሰው ሁሉ ይመርመር ተባለ። እኔ ነጻ ነህ ተባልኩ፤ እሷ ላይ የሳንባ ነቀርሳው ተገኘ። ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ኪኒኗን ከእጄ ዋጠች። ኪኒን በዋጠች ቁጥር የቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ሳደርግ፣ እኔንም እንደ ተማሪ ስም ልትጠራብኝ ነው እያለች ትቆጣኝ ነበር። አንድም ቀን አላሳለፍንም። አሁን ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች። ሰፈሩን መገሠጽም ጀምራለች።

ያን ቀን አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ልቀበልሽ የመጣሁት ትዝ ይልሻል? ዐረቦቹ አዲስ አበባ ካራገፏችሁ በኋላ በላክሁልሽ ትኬት መጣሽ። የያዝሽው አንድ ብርድ ልብስና አንድ ፌስታል ነበር። በነጠላሽ ጫፍ አፍነሽ ታስያለሽ። የአውሮፕላኑ ብርድ ነው አልሽኝ፤ አመንኩሽ።

ወደ ዐረብ አገር ስትሄጂ ሳንባሽን ራጅ አንስተውት ነበር። ንጹሕ ነው ተብሎ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ያነበብኩልሽ እኔ ነኝ፤ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጠርገሽ፣ በመጨረሻ መስኮት በሌለው አዳራሽ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ከተደረደሩ ሴቶች ጋር፣ መባረርሽን እየጠበቅሽ ሦስት ወር ተኛሽ። ስትመለሺ ሳንባሽን ልይ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ንጹሑን ስናስረክብ ማኅተም ተጠየቅን፤ የታመመውን ስንረከብ ግን ማንም ምንም አልጠየቀም። ሰፈርተኛው ደግሞ በሽታ ይዘው መጡብን ይላል። ይዘሽ አልሄድሽም። ወረቀቱ አለኝ።

አንቺም ደብቀሽኛል። ተመልሰሽ ልትሄጂ አስበሽ ነበር፤ ሳንባዋ ላይ ጠባሳ የተገኘባትን እንደማያስገቡ ከጓደኞችሽ ሰምተሻል። ስለዚህ ከራጅ ሸሸሽ። ይህን የነገርሽኝ ዓይደር ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ፣ ልታርፊ አራት ቀን ሲቀርሽ ነው። «እንዳትቆጣኝ፣ ጋሼ» አልሽ። ተቆጥቼ ነበር። ዛሬም አልበረደልኝም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ሳልሽ ሲበረታ ጠርጥሬአለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬሽ ብርድ ነው ስትዪኝ ተውኩት። ሰማያዊዋን የቆርቆሮ ኩባያሽን ግን ለየኋት። ከሌሎቹ እንዳትቀላቀል ብዬ ቀይ ጨርቅ ቀድጄ እጀታዋ ላይ አሰርኩባት። ጨርቁን አየሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራስሽ አጥበሽ ከመደርደሪያው ዳር ለብቻዋ ትደፊያት ነበር። ቀጥዬ የመኝታ ክፍሉን መስኮት ዘጋሁ። የመቐለን ንፋስ ታውቂዋለሽ፤ እንዳይመታሽ ብዬ በየስንጥቁ ጋዜጣ ጠቀጠቅሁበት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከጎንሽ የምትተኛው አደይ ነበረች።

ከቀብርሽ በኋላ ቤቱን ልታይ አንዲት የጤና ባለሙያ መጣች። ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ኩባያዋን አንሥታ ጨርቁን አየች፣ ቀጥላ መስኮቱን አየች፣ ማን እንደዘጋው ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኳት። ጋዜጣውን እየነቀለች፣ «መምህር፣ የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፣ በዕቃ አይደለም ብለው ያስተማሩን እኮ እርስዎ ነዎት!» አለችኝ። ልትወቅሰኝ አይደለም፤ ገርሟት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ያንን ምዕራፍ መጽሐፍ ሳልገልጥ ነበር የማስተምረው። ተማሪ ፈተና ላይ ኩባያ ብሎ ቢጽፍልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

ላምንልሽ ያልኩት ይህንን ነው። በማይጎዳው ነገር አዋረድኩሽ፤ የሚጎዳውን ደግሞ በአደይ ላይ ዘጋሁባት። አንቺ አላወቅሽም ነበር። እኔ ግን ዐውቅ ነበር።

አሁን ሚኒባስ ስገባ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ እከፍታለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሓወልቲ ስመለስ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት፣ «አቦይ፣ ንፋስ ካማረዎት ወርደው በእግርዎ ይሂዱ፣ እዚያ በነጻ ነው!» ብላ መኪናውን ሙሉ አሳቀችብኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እንደ ሽማግሌ አቦይ መባሌ ከስድቡ ይልቅ አናደደኝ። አንቺ ብትኖሪ ከእሷ ጋር ሆነሽ ትስቂብኝ ነበር። አልዘጋሁትም። ዓይደር ስወርድ ግን እጇን ሰድዳ ስትዘጋው ሰማሁ።

ቤታችን ውስጥ ግን የሚዘጋ የለም። ቀዩን ጨርቅ ከኩባያሽ ፈትቼ የመስኮቱን መዝጊያ ክፍት እንደሆነ ከግድግዳው ምስማር ጋር አስሬበታለሁ። አደይ ብርድ ፈጀኝ እያለች ጋቢ ትደርባለች፤ ቋጠሮውን ልትፈታ ስትነሣ ግን አይቼ አላውቅም። ኩባያዋ መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ መካከል ናት። በየጠዋቱ ሻዬን የምጠጣው በእሷ ነው፤ ጠጥቼ ስጨርስ ተነሥቼ ቋጠሮውን አጠብቃለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አይፈታም።

ጋሼሽ